አፍ ያወጣው ፍሬ

ጋርዴኒያ የምትባለው ባለ ነጭ አበባ ቁጥቋጦ በጃፓኖች ቋንቋ ስሟ «አፍ የለሽ» ነው። ስሙን ያወጣላት ሰው ፍሬዋን አይቶ ነው። ሌላው ፍሬ ሲበስል ይሰነጠቃል፣ ይፈነዳል፣ ዘሩን ይበትናል። የእሷ ፍሬ ግን ይቀላል፣ ይጨማደዳል፣ ቁጥቋጦው ላይ እንደተንጠለጠለ ይደርቃል እንጂ አይከፈትም። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ማንም ግድ አልነበረውም። ዳሩ ግን ለልጃገረድ የሚመጣ የጋብቻ ጥያቄም በዚያው ቋንቋ «አፍ» ነው የሚባለው። ስለዚህ ታኑሺማሩ በሚባለው መንደር ውስጥ ሴት ልጅ ያለው ሰው ደጁ ላይ ጋርዴኒያ አይተክልም፤ አፍ የለሽ የቆመችበትን ደጅ ጠያቂ አፍ አይረግጠውም ይላሉ። ሲሉት ይሥቃሉ። መትከሉን ግን አይተክሉም።

ቶኩጂ ተከለ። አንድ ሁለት ቢሆን ደግ ነበር፤ እሱ ከበሩ ጀምሮ እስከ መስኖው ቦይ ድረስ ሞላው። መንደሩ ከጥንትም በችግኝ የሚተዳደር ነው፤ አንዱ ካሜሊያ አበባ ያፈላል፣ አንዱ ጽድ፣ አንዱ ካኪ የሚባለውን ጣፋጭ ፍሬ። የቶኩጂ አባት ጋርዴኒያ ያፈላ ነበርና ልጁም ያንኑ ያዘ። ፍሬዋ ለአዲስ ዓመት የሚቀርበውን የስኳር ድንች ጣፋጭና በጨው የሚቀመጠውን ፍጅል ቢጫ ስለምታደርግ ገዢ አጥታ አታውቅም። ሴት ልጅ ሲወለድላቸው ሚስቱ «በሩ አጠገብ ያሉትን እንኳ ንቀላቸው» ብላ ለመነችው።

«በአሮጊት ወሬ የምበላበትን ልንቀል?» አላት። ነገሩ እዚያው ላይ ተዘጋ።

ልጅቷ ኪኑኤ ናት። ሃያ አራት ዓመት ሲሆናት ጎረቤታቸው እትዬ ማትሱኖ አማላጅ ሆና ከወንዙ ማዶ የደህና ቤት ልጅ አገኘችላት። የልጁ እናት ቤቱን ልታይ መጣች። ሰኔ ነበርና ቁጥቋጦው ሁሉ ነጭ በነጭ ሆኖ ሽታው ከመንገድ ያሰክራል። ሴትየዋ በሩ ላይ ቆማ መሀረቧን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። «ውይ! አፍ የለሽ!» አለችና ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ተመለሰች። ምክንያቷ ሌላ ሊሆን ይችላል። የኪኑኤን የሻከረ እጅ አይታ ይሆናል፣ ወይም ለልጇ ሌላ አስባ ኖሯል፤ ሰው እምቢ ለማለት ከፈለገ ሰበብ አያጣም። መንደሩ ግን የሰማው የበሩን ነገር ብቻ ነው።

ሌላ አባት ቢሆን በዚያው ቀን ዶማ ያነሳ ነበር። ቶኩጂ ግን ተሸነፈ ከሚባል ቢሞት የሚመርጥ ሰው ነው። ራት ላይ ሚስቱም ልጁም ባሉበት፣ «አፍ ከሌላት አፍ አወጣላታለሁ» አለ። «ፍሬዋ ሲበስል የሚከፈት ጋርዴኒያ አወጣለሁ። ያን ጊዜ ያቺ ሴትዮ እዚሁ በር ላይ ቆማ ትለምነኛለች!»

ኪኑኤ የዚያን ቀን አባቷን በጣም ወደደችው። የተቆጣው ለእሷ መስሏት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለው ዕድሜዋ በዚህ ሥራ አለቀ። አዲስ ዓይነት ለማውጣት የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው ይላሉ፤ ትዕግሥት ብቻ ቢሆንማ ቶኩጂ ጫካ በፈጠረ ነበር። ጋርዴኒያ ተንኮለኛ ናት። እንቡጧ ሳይፈታ ገና ተጠቅልሎ ሳለ ብናኟን በገዛ ራሷ ላይ ደፍታ ትጨርሳለች። ከሌላ ሊያዳቅላት የፈለገ ሰው ስለዚህ መቅደም አለበት። እንደ ጃንጥላ የተጠመዘዘውን እንቡጥ በጥፍሩ ፈልቅቆ፣ ብናኝ የያዙትን ነገሮች አንድ በአንድ ለቅሞ ያወጣል፤ ከሌላው ያመጣውን ብናኝ በብሩሽ ቀብቶ በወረቀት ከረጢት ያስረዋል። ቶኩጂ ጣቱ ወፍራም ስለሆነ እንቡጡን ይጨፈልቀዋል። ሥራው የኪኑኤ ሆነ። የፍሬው ቆዳ ሳሳ ያለችውን ሳሳ ካለችው፣ ጫፉ ፈታ ያለችውን ፈታ ካለችው እያለች ታዳቅላለች። ዘሩ ይዘራል፣ ይበቅላል፣ ሁለት ሦስት ዓመት ተጠብቆ ያብባል፣ ያፈራል፣ ፍሬው ይቀላል። ከዚያ ዝም ነው። እንደገና ከእንቡጥ ይጀመራል።

መንደሩም ስም አወጣለት፤ «አፍ ከፋች ቶኩጂ»። ገበያ ላይ ችግኝ ሲያወርድ የማይለክፈው አልነበረም።

«ቶኩጂ፣ አፍ የለሿ ዛሬስ ምን አለችህ?»

«ምን ትለኛለች? የሚስትህን አፍ ሩቡን ብታበድረኝ ዘንድሮ እጨርስ ነበር!»

ይሥቃሉ፣ እሱም ይሥቃል፤ ቤት ሲመለስ ግን ምሳ አይበላም። በመካከሉ ሚስቱ ታማ ሞተች፤ የበሩን ነገር ዳግመኛ አላነሳችም። አባትና ልጅ ብቻ ቀሩ። ኪኑኤ ሠላሳን አለፈች፣ አርባን አለፈች። እትዬ ማትሱኖም አማላጅነቱን ትታ ካኪ ይዛ ብቻ መምጣት ጀመረች።

ኢሳኩ የመጣው እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው። ኢሳኩ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ የመንደሩን ዛፍ ሥሩ በገለባ ተጠቅልሎ ወደ ኩሩሜ ገበያ የሚያደርሰው እሱ ነው። ሚስቱ ሞታበት ብቻውን የሚኖር፣ ቀልድ የሚወድ፣ ከቀለደ በኋላ ደግሞ የሚያፍር ሰው ነበር። አንድ የፀደይ ቀን ችግኙን ጭነው ሲጨርሱ ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ።

«አማላጅ ልልክ ነበር» አላት። «እትዬ ማትሱኖን ከላክሁ ግን ያገባኋት እሷን እስኪመስል ነው የምታወራው። ስለዚህ እኔው መጣሁ።»

«ወዴት ነው የመጣኸው?»

«ወዳንቺ ነዋ! እንዲህ ስትይኝ ምን ይባላል አሁን?»

ኪኑኤ ሣቀች። ከሣቀች ብዙ ጊዜ ሆኗት ስለነበር ድምፁ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ኢሳኩ ሺማባራ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ወንድም አለው፤ የመንደሪን ማሳ ይዞ ሰው አጥቷል። «ባሕሩ ከበረንዳው ይታያል» አላት። «እጅሽን ስታጠቢ እንኳ ባሕሩን እያየሽ ነው።» እሷ እስከዚያ ቀን ድረስ ባሕር አጠገብ መኖር ትፈልግ እንደሆነ አስባ አታውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ አላሰበችም።

ለአባቷ በነጋታው ቁርስ ላይ ነገረችው። ቶኩጂ መብያ ቾፕስቲኩን አስቀመጠ፤ ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አየው። ክረምቱም እንዲሁ ምንም ሳይል አለፈ። መጸው ገብቶ ፍሬዎቹ መቅላት ሲጀምሩ አንድ ጠዋት ከማሳው ጩኸቱ መጣ።

«ኪኑኤ! ተከፈተ! ኧረ ተከፈተ!»

የላስቲክ ቦት ጫማዋን አንዱን አድርጋ አንዱን ረስታ ሮጠች። ከቦዩ አጠገብ ካለችው ቁጥቋጦ ላይ አንድ ፍሬ ከጫፉ እስከ ወገቡ ተሰንጥቆ ቀይ ሆዱ ይታያል። ቶኩጂ በትሩን ጥሎ ቆሟል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እናቷ ስትሞት እንኳ ኪኑኤ እንዲህ ሆኖ አላየችውም። እሷም አለቀሰች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው መሣቂያ የሆነው ነገር እውነት ሆኖ ሲወጣ ማን አያለቅስም? ፍሬውን ቶኩጂ ራሱ ቀጥፎ፣ በጥጥ ጠቅልሎ፣ ለማንም ሳያሳይ የሻይ ጣሳ ውስጥ ከተተው።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አላት። «አንዴ መከፈት አጋጣሚ ነው። የዛሬ ዓመት ከደገመች ግን ዘር ነው። ያን ጊዜ ወደ ኢሳኩ ሂጂ፤ እኔው ራሴ እስከ በሩ እሸኝሻለሁ። በዚያ በር፣ ቀና ብለሽ ነው የምትወጪው። እስከዚያ ግን እጅሽ ያስፈልገኛል።»

ኢሳኩ ሲሰማ ራሱን አከከ። «አንድ ዓመት ምን አላት? ይሄ የኔ አሮጌ መኪና እንኳ አንድ ዓመት ይቆያል» አለ። ወንድሙም እስከ ከርሞው አዲስ ዓመት ሊታገሠው ተስማማ።

ያን ዓመት ኪኑኤ ያቺን ቁጥቋጦ እንደ አራስ ልጅ ጠበቀቻት። አባጨጓሬውን ከቅጠል በታች እየፈለገች ለቀመች፤ ወፍ እንዳይነካት መረብ አለበሰቻት፤ አውሎ ነፋሱ ሲመጣ በገመድ ከአራት ጎን አስራ፣ ዝናቡ እስኪያባራ አጠገቧ ቆመች። ቶኩጂ በዚያ ዓመት በጣም ደከመ። እግሩ ከዳው፣ ዓይኑም ደመና ለበሰ፤ ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ ብርድ ልብስ ለብሶ ይቀመጥ ጀመር። ፍሬው ቢጫ ሆነ፣ ብርቱካናማ ሆነ፣ ቀላ። በየጠዋቱ ከበረንዳው ይጠይቃታል።

«ተከፈተ ወይ?»

«ገና ነው አባባ።»

የሌሎቹ ፍሬ ተለቀመ። የዚያች ቁጥቋጦ ብቻ ቀረ። ውርጭ ወረደበት፣ ፀሐይ መታው፣ ቆዳው መጨማደድ ጀመረ። «ተከፈተ ወይ?» «ገና ነው።» ኪኑኤ እጇን ልትታጠብ በወጣች ቁጥር ባሕሩን ሳይሆን ያንን ቦይ ታያለች።

እትዬ ማትሱኖ ካኪ ይዛ መጣች፤ በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን እያሸች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ኢሳኩ ምጣዱን ሁሉ ሸጠ አሉ። አልጋ ልብሱን ለእህቱ ልጅ ሰጠ አሉ። አንቺ ልጅ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ፍሬ» አለች ኪኑኤ።

«አበድሽ? ሰው እየሄደብሽ ፍሬ?» ማትሱኖ ወደ ቶኩጂ ዞራ ጮክ አለች። «ጋሼ ቶኩጂ! እኔስ አፍ አለኝ፤ ይኸው ጥርስ ብቻ ነው የጠፋው። ከዚያች ቁጥቋጦ ይልቅ እኔን ቢያዳቅሉኝ ይሻላል!»

ቶኩጂ ሣቀ። ኪኑኤ ግን አልሣቀችም።

ኢሳኩ በመጨረሻው ሳምንት መኪናውን በሩ ላይ አቁሞ ሳይወርድ አነጋገራት።

«ወሩ ሲያልቅ ነው የምሄደው። ከዚያ በላይ ወንድሜ አይጠብቀኝም።»

«ካልተከፈተስ?»

«ካልተከፈተም ነይ እንጂ!»

«ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ለፍሬ?»

«ለአባቴ። እንደ ሌባ በጓሮ መውጣት አልፈልግም፣ ኢሳኩ። እሸኝሻለሁ ብሎኛል። አንዴ እንኳ ከዚህ ቤት ሰው ሸኝቶኝ ልውጣ።»

ኢሳኩ መሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገና «እሺ» አለ።

ሰንጢው ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ምስማር ላይ ነው የሚሰቀለው። ከጥንት ጀምሮ አባትና ልጅ ቅርንጫፍ የሚቆርጡበት አንድ ሰንጢ ነው። ቶኩጂ ድሮ ድንጋይ ሊፈነቅልበት ሲል ጫፉ ተሰብሯል፤ እሱ ደግሞ የተሰበረ ነገር አይጥልም። ኪኑኤ እኩለ ቀን ላይ፣ አባቷ ምሳ በልቶ ሲያንቀላፋ፣ ሰንጢውን አወረደችው። ይህን ለማድረግ ስንት ቀን እንዳሰበች ራሷም አታውቅም፤ እጇ ግን ከእሷ ቀድሞ ወስኖ ነበር። ወደ ቦዩ የዞረውን ፍሬ መረጠች። ከጫፉ ጀምራ ከፍሬው ጠርዞች በሁለቱ መካከል ያለውን መስመር ተከትላ፣ ሥጋውን ሳትጎዳ ቆዳውን ብቻ እስከ ወገቡ ሰነጠቀች። መጨረሻው ላይ ስለቱን ስትመልሰው የተሰበረው ጫፍ ያዝ አደረገና እንደ ዓሣ መንጠቆ ያለች ትንሽ ጭረት ተወ። በአውራ ጣቷ አፈር ቀብታ አሸችው። ከዚያ ከንፈሩ በፀሐይ እስኪጠወልግና ቁስሉ ያረጀ እስኪመስል ድረስ ሁለት ቀን ተወችው። አባቷ በነዚያ ሁለት ቀኖችም ጠየቃት፤ «ገና ነው» አለችው። ውሸቱ የጀመረው እዚያ ላይ ነው፤ ከመጨረሻው ይልቅ ይሄኛው ከበዳት።

በሦስተኛው ጠዋት ከማሳው ጮኸች።

«አባባ! ተከፈተ! ተከፈተ!»

ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ ወጣ፤ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት። ወደ በረንዳው ሮጣ ሄዳ ጀርባዋን ሰጠችው። አዝላ ወሰደችው። ድሮ ዛፍ ከነሥሩ የሚሸከም ሰው እንዲህ ቀሎ ሲያገኙት ልብ ይሰብራል፤ የእሷም ተሰበረ። ቁጥቋጦዋ አጠገብ የችግኝ ሳጥን ገልብጣ አስቀመጠችው፤ እጁን ይዛ ፍሬው ላይ አደረገችለት። ቶኩጂ ፍሬውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ከጫፉ ጀመረ፣ ከንፈሮቹን ተከትሎ ወረደ፣ ወገቡ ላይ ሲደርስ ቆመ። እዚያው ቆየ።

«የሻይ ጣሳውን አምጪልኝ» አለ።

ጣሳውን አመጣች። አምና ከተከተተ ወዲህ ከፍታው አታውቅም፤ እሱም አልከፈተው። ክዳኑን አነሳች፣ ጥጡን ፈታች፣ ደርቆ የጠቆረውን ፍሬ አወጣች። ልትሰጠው እጇን ስትዘረጋ አውራ ጣቷ ስንጥቁን ተከትሎ ወረደ። መጨረሻው ላይ መንጠቆ አለ።

ሰንጢው አንድ ነው። የተሰቀለበትም ምስማር አንድ ነው።

ኪኑኤ የአምናውን ፍሬ በእጇ እንደያዘች አባቷን አየችው። የእሱም ጣት በዘንድሮው ፍሬ መንጠቆ ላይ ነበር፤ አይንቀሳቀስም። ዓይኑ ደከመ እንጂ ጣቱ አልደከመም። አምና ለምን እንደቆረጠው ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም፤ ኢሳኩ የጠየቃት በዚያው ዓመት ነው። እሱ የቆረጠው ሊያስቀራት ነበር፤ እሷ የቆረጠችው ልትሄድ። ደሟ ፈላ። እንባ ያቀረረው ዓይኑ ትዝ አላት፤ አብራው ማልቀሷ ትዝ አላት፤ አውሎ ነፋስ ውስጥ ገመድ ይዛ ያደረችው ትዝ አላት። ፊቱ ላይ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ግን «ዋሹኝ» ለማለት በቅድሚያ «ዋሸሁዎት» ማለት ነበረባት።

«አባባ፣» አለች።

«እንደ አምናው ነው» አለ ቶኩጂ ቀስ ብሎ። «ልክ እንደ አምናው።»

«ሁለቴ ከተከፈተ እሸኝሻለሁ ብለዋል።»

«ብያለሁ።» ፍሬውን ለቀቀው። እጁ ብርድ ልብሱን ፈለገ፣ አላገኘውም። «ኪኑኤ፣ አምና እኔ ብቻዬን መቅረቴን ሳስበው…»

«ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ? ጩኸት ሰማሁ!» እትዬ ማትሱኖ በአጥሩ ቀዳዳ ጎንበስ ብላ ገባች። ስሊፐሯን አንጠልጥላ፣ ራሷን በፎጣ እንዳሰረች ነበር። ቀና ስትል ዓይኗ ፍሬው ላይ አረፈ። አየችው፣ ጠጋ ብላ አየችው፤ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

«ተከፈተች» አለች። «አፍ የለሿ ተከፈተች! ጋሼ ቶኩጂ፣ ይቅር ይበሉኝ! ኪኑኤ፣ ልጄ፣ ይቅር በይኝ! ያን ሁሉ ዓመት ስሥቅባችሁ! ያቺን ሴትዮ ያመጣሁባችሁም እኔ ነኝ!» ግንባሯን መሬት እስኪነካ ሰገደች። ከዚያ ተነሥታ፣ ጭቃዋን ሳታራግፍ፣ ወደ መንገዱ እየሮጠች «ተከፈተች!» እያለች ጮኸች።

እሷን ለማስቆም አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አባትም ልጅም አልተናገሩም። እያንዳንዱ ሌላው ይናገራል ብሎ ጠበቀ፤ እስከዚያ ማትሱኖ ድልድዩን ተሻገረች። ቶኩጂም የጀመረውን ዓረፍተ ነገር አልጨረሰውም፤ በሌላ ቀንም አልጨረሰውም።

ምሳ ሳይደርስ ግቢው በሰው ሞላ። የችግኝ አምራቾቹ ማኅበር ሊቀመንበር የሩዝ መጠጣቸውን ሳኬ ይዞ መጣ። በአንድ ወቅት «አፍ ከፋች» የሚለውን ስም ያወጣው ሰው ሽበቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳ። ተራ በተራ እየገቡ ፍሬውን አዩት፤ ክብር ያለው ነገር ነውና ማንም በጣቱ አልነካውም። ቢነኩት ጥሩ ነበር። የቶኩጂን ጀርባ ቀና ብሎ ኪኑኤ ያየችው ያን ቀን ነው። ሳኬ እየቀዳች አየችው፤ ጠላችውም፣ ደስም አላት፤ ሁለቱም ስሜት እኩል ስለነበር የትኛውን እንደምትይዝ ጨነቃት።

«ስሟን ማን እንበላት?» አለ ሊቀመንበሩ። አዲስ ዓይነት ያወጣ ሰው ስም የማውጣት መብት አለው።

ቶኩጂ ጽዋውን አስቀመጠ። «ኪኑኤ» አለ።

አጨበጨቡ። «በዝናቡ ወር ቅርንጫፏ ተቆርጦ ይተከላል» አለ ሊቀመንበሩ፤ «የተከልነው ሲያፈራና እንደ እናቱ ሲከፈት እናስመዘግባታለን። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሁሉ ከኛ ይገዛል። ኪኑኤን የምታራባት ደግሞ ኪኑኤ ናት! ይህች ልጅ ከዚህ ግቢ እንዳትወጣ፣ በሩን ጠብቁ!»

ሳቁ ግቢውን ሞላው። በሩን ያየው አንድ ቶኩጂ ብቻ ነበር።

ኢሳኩ ወሩ ሲያልቅ መጣ። ዕቃው መኪናው ላይ በሸራ ተሸፍኗል፤ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ፊቱ ያበራ ነበር፤ ለእሱ ዜናው የምሥራች ነበር።

«ተከፈተች አሉ! ገበያው ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው። እንግዲህ ነፃ ወጣሽ አይደል? ዕቃሽ የት አለ?»

«ቅርንጫፉን መትከል አለብኝ» አለች ኪኑኤ። «በዝናቡ ወር። እስኪያፈራ ደግሞ ሦስት ዓመት…»

«ሦስት ዓመት?» የፊቱ ብርሃን ጠፋ። «ሁለቴ ከተከፈተ አላልሽም? ሁለቴ ተከፈተ እኮ!»

ብትነግረው ይገባዋል፤ ምናልባትም ይሥቅ ነበር። ግን እሷ ሄዳ፣ ቅርንጫፎቹ በየሰው ማሳ አድገው፣ ሁሉም አፋቸውን ዘግተው የቀሉ ቀን፣ ያ ሽማግሌ በረንዳው ላይ ብቻውን ተቀምጦ ምን ሊመልስ ነው? መሣቂያ ሆኖ መኖርን ችሎታል። አንዴ ከተከበረ በኋላ አታላይ ተብሎ መኖርን ግን አይችልም። በዚያ ላይ አታላይ ቢባሉ የሚባሉት ሁለቱ ናቸው፤ አንደኛዋ ደግሞ ስሟ ቁጥቋጦው ላይ ተለጥፏል።

«ኪኑኤ፣ እውነቱን ንገሪኝ። መምጣት አትፈልጊም?»

ዝም።

«ኧረ አንድ ነገር በይ! አፍ የለሽም እንዴ?»

ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው። ቀልቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለ። ጎንበስ እንዳለ ቆየ። ከዚያ ወደ መኪናው ወጣ። መኪናው አሮጌ ነውና እስኪነሣ ጊዜ ወሰደ፤ እሷም እስኪነሣ ድረስ ቆማ ጠበቀች፤ ኋላ የምታስበው ያንን ጊዜ ነው። መኪናው በሩን አልፎ ሄደ። ጋርዴኒያዎቹ ግራና ቀኝ ቆመው ነበር።

በዝናቡ ወር ቅርንጫፍ ቆረጠች፣ አሸዋ ላይ ሰካች፣ ውኃ አጠጣች። ሥር ያዙ፤ ሁሉም ያዙ፤ እጇ የነካው ነገር ከሽፎ አያውቅም። ሊቀመንበሩ እየመጣ ቆጥሮ ተደስቶ ይሄዳል። ከአባቷ ጋር የሚያወሩት ስለ ሾርባው ጨው፣ ስለ አባጨጓሬው፣ ስለ ጉልበቱ ነው። ሰንጢውን አንዳቸውም አያነሱም። ከሺማባራ አንድ ጊዜ መንደሪን በሳጥን መጣ፤ ከውስጡ ጽሑፍ አልነበረውም። ቶኩጂ ሁለት ልጦ በላና «ጣፋጭ ነው» አለ። እሷ አልቀመሰችም።

እንደገና መጸው ገባ። እናቲቱ ቁጥቋጦ ቀላች። በዚያ ሳምንት ሊቀመንበሩ ከሌላ አውራጃ እንግዶች ይዞ እንደሚመጣ አስታወቀ፤ የተከፈተውን ፍሬ በዓይናቸው ሊያዩ ነው። ኪኑኤ አንድ ጠዋት ሩዝ ልታጥብ ወደ ወጥ ቤት ስትገባ ምስማሩ ባዶ ነበር።

በመስኮቱ አየች። በረንዳው ላይ ብርድ ልብሱ ብቻ ቀርቷል። አባቷ ከቦዩ አጠገብ መሬት ላይ ነው፤ በክርኑ እየተሳበ ነው የደረሰው፤ ከጉልበቱ እስከ ወገቡ ጭቃ ነው። አንድ እጁ ቅጠሉ ውስጥ ፍሬ ይፈልጋል። ሌላው ሰንጢውን ይዟል። ለምን እንደሚያደርገው አሁን ለይታ አታውቅም። ሊያስቀራት አይደለም፤ የምትሄድበት የለም። ምናልባት የዘንድሮውን ውሸት እሷ እንዳትዋሸው ብሎ ይሆናል።

ውኃ ጣደች። ሩዙን አጠበች፣ አንዴ ደግማ አጠበችው። ውኃው ሲፈላ ወደ በሩ ሄደች፤ ከመውጣቷ በፊት ጮክ ብላ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ሰንጢውን ለመደበቅ የሚበቃውን ያህል ጠብቃ ተጣራች።

«አባባ! ተከፈተ ወይ?»

ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ። ድምፁ ዘግይቶ መጣ፤ ትንፋሽ አጥሮታል።

«ተከፈተ!»

ቦት ጫማዋን አደረገችና ልታዝለው ወጣች።